ጓሳ ጥግ ያየናት አነር በግ ትበላለች ወይ? አባቴ መርዝ ሊያስቀምጥ ነው

የጌራዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ አስቸኳይ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈውና ታገሡኝ።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። የተወለድኩት ግን መንዝ ጌራ ምድር፣ ጓሳ የሚባለው የሕዝብ ጥብቅ የሣር ምድር ጥግ ነው። የአባቴ የገብስ ማሳ ሲያልቅ ጓሳው ይጀምራል። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሄጄ ነበር። ገና ደጃፉ ላይ ሳልደርስ እናቴ «ሦስተኛውንም በላብን» አለችኝ። በ15 ቀን ውስጥ ሦስት ግልገል ሄዷል። ሁለቱ ሌሊት ከጋጣው ጠፍተው ቀሩ። ሦስተኛው ጠዋት ከካቡ ውጭ ሆዱ ተዘርግፎ ተገኘ።

ጋጣችን የድንጋይ ካብ ነው። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ከላይ ክፍት ነው። አያቴ የካበው እንደሆነ ነው የማውቀው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብንም።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ከአባቴ ጋር ወጣን። ውርጩ ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ድመት ናት፤ ግን እግሯ! እንደ ሚዳቋ ይረዝማል። ጆሮዋ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው። ቆዳዋ ቢጫማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ጅራቷ አጭር ነው። አየችን። አልሮጠችም። ቀስ ብላ ወደ ረጅሙ ሣር ገባችና ጠፋች። በስልኬ ሁለት ፎቶ አንስቻለሁ። አንዱ ደብዝዟል፤ ሌላው ጀርባዋንና ጆሮዋን ያሳያል።

አባቴ «ሌባዋ ይቺው ናት» አለ። ጎረቤታችን ለነቀዝ የሚረጨውን መድኃኒት ሰጥቶታል። የሞተውን ግልገል ጓዳ ውስጥ ሰቅሎታል። ሥጋውን በመድኃኒቱ ለውሶ ካቡ ሥር ሊጥለው ነው። ለመንኩት። «እስከ ቅዳሜ እታገሳለሁ» አለኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። መንዝ ላይ በግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔ ደብተርና የደንብ ልብስ ከበግ ነው የተገዛው። አሁን ደብረ ብርሃን የምለብሰው ባና ከእነሱ ጸጉር የተሠራ ነው። ገብሱን ውርጭ ቢመታው ቤቱን የሚያቆመው በግ ነው። ስለዚህ ሦስት ግልገል ለእሱ ቀልድ አይደለም፤ ለእኔም አይደለም።

ግን ያቺን እንስሳ አየኋት። ካየኋት ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋችም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ነብር ናት ወይስ አነር? በግ ትገድላለች? አባቴ መርዙን ከተወ ምን ያድርግ? «ተው» የሚል ቃል ብቻ ይዤ መሄድ አልፈልግም። በእጁ የሚሠራው ነገር ይዤለት ልሂድ።

ታርማበር 27

እህቴ፣ ነጠብጣብ ካለው ነብር ነው። እኛ ጋ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ አለ፤ ፍየል ከነገመዱ ነው የሚወስደው። ሕፃናት ብቻቸውን ወደ ማሳው እንዳይወጡ አድርጉ። አባትሽንም አልፈርድባቸውም።

የጌራዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ነብር ከሆነ እንዴት እንዲህ ይቀጥናል? ሰውነቷ ከእኛ ውሻ አይበልጥም። ከፍ ያደረጋት እግሯ ነው።

ጓሳ ጠባቂ የነበርኩ

ልጄ፣ ፎቶውን በደንብ አይቼዋለሁ። አነር ናት።

11 ዓመት ጓሳ ላይ በስካውትነት ሠርቻለሁ። ቀንም ሌሊትም፣ በበጋም በክረምትም ዞሬበታለሁ። ቀይ ቀበሮን በየቀኑ ታያታለሽ። ጭላዳውን በመንጋ ታይዋለሽ። አነርን ግን በእነዚያ 11 ዓመታት ጥሩ አድርጌ ያየኋት ሠላሳ ጊዜ ቢሆን ነው። እሷ ስትፈልግ ነው የምትታየው። ስለዚህ ያን ንጋት ቀላል አድርገሽ አትይው።

ወንድሜ ታርማበር፣ የነብር ነጥብ አበባ ይመስላል፤ ጥቁሩ ዙሪያውን ይከብና መሃሉ ክፍት ይሆናል። የአነር ነጥብ ድፍን ነው። አንገቷና ትከሻዋ ላይ ነጥቦቹ ተያይዘው መስመር ይሆናሉ። የጆሮዋን ጀርባ ደግሞ ፎቶው ላይ አጉልታችሁ እዩት። ጥቁር ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ይህ የእሷ መታወቂያ ነው። የነብር ጅራት መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ የእሷ አጭር ነው። ክብደቷም ከ8 እስከ 18 ኪሎ ቢሆን ነው። ከድመት ዘር ሁሉ በሰውነቷ ልክ ሲታይ እንደ እሷ እግረ ረጅም የለም።

እግሩ ለምን እንደረዘመ የገባኝ አንድ ኅዳር ነው። አስታ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆማለች። ሣሩ እስከ ሆዷ ነው፤ ጭንቅላቷ ከላይ ይታያል። አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀርታለች። ጆሮዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ጎን። እኔ ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ሩብ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በአንዴ ወደ ሰማይ ተነሳች። ከሣሩ በላይ ሙሉ ሰውነቷን አየሁት። ሦስት ሜትር ያህል ርቃ በሁለት የፊት እግሯ አረፈች። ጎንበስ አለች፤ ቀና ስትል አይጧ አፏ ውስጥ ናት። በዓይኗ አላየቻትም እኮ። ሣር ሥር የምትሄድ አይጥ በጆሮዋ ሰምታ ነው።

ፍልፈል ስታድን ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት። የጉድጓዱን አፍ ትጭርና ትከፍተዋለች። ፍልፈል ብርሃን ሲገባበት አይወድም፤ አፈር ገፍቶ ሊደፍነው ይመጣል። እሷ እጇን አንስታ ትጠብቀዋለች። ብቅ ሲል በጥፍሯ ጎትታ ታወጣዋለች። ታንዛኒያ ውስጥ ንጎሮንጎሮ ላይ ያጠኗት ሰዎች ከሁለት ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካላታል ብለዋል። አንበሳ እንኳ ይህን ያህል አይሳካለትም።

ሰው አነር የቆላ እንስሳ ይመስለዋል። ኪሊማንጃሮ ላይ እስከ 3,850 ሜትር ከፍታ ታይታለች። የእኛ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ብርዱን ትችለዋለች፤ አይጥ ካለ ትኖራለች። አይጥ ደግሞ ጓሳ ላይ ሞልቷል። ቀይ ቀበሮውም፣ አነሯም፣ ጭልፊቱም የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ገብታ ስታድን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭላዳዎቹ አይሸሿትም። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ቆጥረውታል፤ ከጭላዳ ጋር ስትሆን ከ100 ሙከራ 67 ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን 25። ይህን የምለው ከወሬዬ ለመውጣት አይደለም። እዚያ ሣር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ግልገሎቹ። አነር ግልገል አትነካም ብዬ አልምልልሽም። ገና የተወለደ፣ እናቱ ትታው የሄደች ግልገል ብታገኝ ልትወስድ ትችላለች። ዶሮማ ትወስዳለች፤ የእኔን እናት ዶሮ ወስዳለች። በ15 ቀን ሦስት ግልገል ግን የእሷ ሥራ አይመስለኝም። በእኔ ጊዜ በግ ተበላ ተብሎ ስንጠራ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘነው የቀበሮ ሥራ ነው። ቀይ ቀበሮዋን ማለቴ አይደለም። ያኛውን አመድማውን ነው። ድሮ ጃካል ይሉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘሩ ተመርምሮ አሁን የአፍሪካ ተኩላ ይሉታል። ባለቤት አልባ ውሻም አለ፤ እሱ ከሁሉም ይብሳል።

ስትሄጂ ካቡ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ መሬት እዪ። የድመት ዘር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል፤ ዱካው ክብ ነው፤ የጥፍር ምልክት የለውም። የአነር ከስኒ አፍ ያነሰ ነው። የነብር ከሻይ ብርጭቆ አፍ ይሰፋል። የቀበሮና የውሻ ሞላላ ነው፤ ከፊቱ የጥፍር ነጥብ ይታያል። ውርጩ ሳይቀልጥ በፊት ውጪ፤ ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ይነበባል።

አባትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ልጅ ሆኖ ቄሮን፣ የጓሳን የድሮ የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ማለቴ ነው፣ ደርሶበት ይሆን? ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ከተካፈሉት ጊዜ አንስቶ፣ ጓሳ በሕግ ነው የኖረው። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ነበረው። ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል። ቤት ይከደንበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ቆይቶ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። አነሯ ዛሬ ያለችው ለዚያ ነው። ሁለት ሦስት ልጆች ትወልዳለች፤ ወንዱ አያግዛትም። የምትደብቃቸው በዚያ ረጅም ሣር ውስጥ ነው። ስጋት ሲገባት አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ቦታ ትቀይራቸዋለች። አባትሽ ሊመርዛት ያሰባት እንስሳ የገዛ አባቶቹ ሳያውቁት ያሳደጓት ናት።

ገብሱን የሚበላውን አይጥም ማን እየበላለት እንደሆነ ያስብበት።

የከብት ሐኪም

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ከሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው፣ ግልገሉ ተገድሎ ነው የተበላው ወይስ ሞቶ? ይህን ሳያውቁ ወንጀለኛ መፈለግ አይቻልም። በዚህ ውርጭ፣ እናቲቱ ወተት ካነሳት፣ ግልገል በሳንባ ምች ሌሊቱን ይሞታል። የሞተውን ያገኘ እንስሳ ይበላዋል። ጠዋት ግን የበላው ገዳይ ይባላል። ብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

የተሰቀለው ግልገል አሁንም ካለ ቆዳውን ግፈፉትና ከቆዳው ሥር እዩ። በሕይወት ሳለ ከተነከሰ ንክሻው ዙሪያ ደም ይቋጥራል፤ ሥጋው ጠቁሮ ታዪዋለሽ። ከሞተ በኋላ ከተነከሰ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ደም የለውም። ቦታውም ይናገራል። የድመት ዘር ጉሮሮ ወይም ማጅራት ይይዛል። ቀበሮና ውሻ ብዙውን ጊዜ ከኋላ እግርና ከሆድ ይጀምራሉ። ቢላዋው ስለት ይኑረው። እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ፤ ስትጨርሺ በሳሙና ታጠቢ።

ሁለተኛው መርዙ ነው። ለነቀዝ የሚረጨው መድኃኒት ነርቭ ላይ ነው የሚሠራው። የበላው እንስሳ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ተዘግቶ ይሞታል። ማየት የሚቻል ሞት አይደለም። ካቡ ሥር የተጣለ ሥጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ማን ይመስልሻል? የራሳችሁ ውሻ። ከዚያ ጥንብ አንሳ። ከዚያ ምናልባት ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም፤ በሙሉ ተቆጥሮ ከ500 በታች ነው የቀረው። አባትሽ መድኃኒቱን ለውሰው በዚያው እጃቸው በሶ ቢጨብጡስ? እንዲህ ዓይነት ነገር አይቻለሁ፤ ስለዚህ ደጋግሜ እላለሁ።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት አዋጁ ያስጠይቃል። ግን በሕግ አታስፈራሪያቸው። ሰው በፍርሃት ሲተው ሌሊት ተደብቆ ያደርገዋል።

ውሻችሁን ለእብድ ውሻ በሽታ አስከትቡት። ባሌ ላይ ከውሻ የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ጓሳ ጥግ ያለ ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት።

ሞጃው

የኔ እህት፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አንድ ቤት ትዝ አለኝ። መንዝ ግን አይደለም። ሕንድ ነው።

ለትምህርት ሕንድ ነበርኩ። አንድ ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ላዳክ ወጣን። ዋና ከተማዋ ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ናት። ጓደኞቼ ትንፋሽ አጠራቸው፤ እኔ ሞጃ ያደግሁት ልጅ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ገብስ ያበቅላሉ። ድንጋይ ይክባሉ። በግና ፍየል ያረባሉ። ጠዋት ላይ የቤቱ እመቤት የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ ለውሰው ሰጡኝ። በሶ ነው እኮ! እንባዬ መጣ።

እዚያ የበረዶ ነብር የሚሉት አለ። ቆዳው አመድማ ሆኖ ጥቁር ነጥብ አለው። ጅራቱ ሰውነቱን ሊያክል ምንም አይቀረው፤ ሲተኛ እንደ ጋቢ ፊቱን ይሸፍንበታል። እንደ አንበሳ አያገሳም። በእስያ ተራሮች 12 አገሮች ውስጥ ብቻ ይኖራል። ምግቡ የተራራ በግና ፍየል ነው። ከአነር በጣም ይከብዳል፤ በግ መግደል ለእሱ ቀላል ነው። ስለዚህ የእነሱ ችግር ከእናንተ የባሰ ነው።

ያደርኩበት ቤት አባወራ ጋጣቸውን አሳዩኝ። ልክ አንቺ እንደጻፍሽው፣ የድንጋይ ካብ ነው። ድሮ ከላይ ክፍት ነበር አሉ። ነብሩ በጣሪያ በኩል ዘሎ ይገባል። በጎቹ መውጫ የላቸውም፤ ይተራመሳሉ። እሱም ሲተራመሱ ያገኘውን ሁሉ ይገድላል፤ በአንድ ሌሊት ብዙ። ጠዋት ጠግቦ እዚያው ተኝቶ የተገኘበት ጊዜም አለ። ሰው ንብረቱን እንዲህ አጥቶ ምን ያደርጋል? በድንጋይ ወግሮ ይገድለው ነበር።

አሁን ካቡ ላይ እንጨት አጋድመው ሽቦ ወንፊት ዘርግተውበታል። በሩም ክፍተት የሌለው ሳንቃ ሆኗል። በቃ፣ ይኸው ነው። ነብሩ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። ሰውየው ዱካውን በጣታቸው እያሳዩኝ ይስቁ ነበር። አሁን ነብሩን ፍለጋ የሚመጣ እንግዳ ቤታቸው ያድራል፤ ይከፍላል።

ሌላም አለ። ስፒቲ በሚባል ሸለቆ እረኞቹ ራሳቸው እያዋጡ የከብት ኢንሹራንስ አቁመዋል፤ ነብር የበላበት ሰው ከዚያ ይካሳል። ሞንጎሊያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የእረኛ ሚስቶች ከበግ ጸጉር የእጅ ሥራ እየሠሩ ይሸጣሉ። በአካባቢያቸው ነብር ካልተገደለ ዓመቱ ሲያልቅ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ይህን ስሰማ ያሰብኩት የእናቴን ባና ነው። መንዝ ባና አለው፣ ዝተት አለው። የዕድር ልማድ አለው። እንደ ዕድር አዋጥቶ የግልገል ካሳ ማቆም ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ቀብር እንዲሁ አይደል የምናዋጣው?

እ.ኤ.አ. በ2017 የበረዶ ነብር የሥጋት ደረጃው አንድ ዝቅ ተደርጎለታል። አሁንም ለአደጋ የተጋለጠ ነው የሚባለው። ግን ካብ ላይ ሽቦ የዘረጉ ሰዎች ድርሻ አላቸው ብዬ አምናለሁ።

የጌራዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሞጃው፣ ሽቦ ወንፊቱ ውድ ነው፤ ሙሉ ጋጣውን መሸፈን አንችልም። ወደ 40 በግ ነው ያለን። ሌላ መንገድ አለ?

ጓሳ ጠባቂ የነበርኩ

ሁሉንም መክደን አያስፈልግም ልጄ። ትልልቆቹ በጎች አልተነኩም። ጋጣው ውስጥ አንዱን ጥግ ለግልገሎች ብቻ ለዩት። እሱን በባሕር ዛፍ ሞራሌ ዘግታችሁ ከላይ ብቻ ወንፊት አድርጉበት። ትንሽ ጥቅልል ይበቃል። ካቡ ሥር ቀበሮ ሊሾልክበት የሚችል ቀዳዳ ካለ በድንጋይ ድፈኑ፤ ቀበሮ ከላይ ከመዝለል ይልቅ ከሥር መሹለክ ይወዳል። እረኛውም ማለዳ ጉም ሳይነሳ ግልገል ይዞ ወደ ጓሳው ጠርዝ አይሂድ።

የጌራዋ

እሑድ ማታ ነው። ዛሬ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ቃሌ ነው።

ዓርብ ማታ ቤት ደረስኩ። እራት በልተን እሳት ዳር ስንቀመጥ የጻፋችሁትን ሁሉ ከስልኬ አነበብኩላቸው። እናቴ ላዳክ ላይ በሶ አለ ሲባል «በማርያም!» አለች። አባቴ ዝም ብሎ ሰማ። ቄሮን ጠየቅኩት። አስታውሶታል። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ለአጨዳ ወጥቷል፤ አባቱ ተሸክሞት እንደተመለሰ፣ ከሣሩ ሸክም በላይ ተቀምጦ እንደነበር ነገረን። ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የተሰቀለውን ግልገል አወረድነው። አባቴ ራሱ ገፈፈው። ጉሮሮው ንጹሕ ነው፤ ማጅራቱም። የኋላ እግሩ ላይ፣ ታፋው አጠገብ፣ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሯል። ጠቁሯል። አባቴ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገውና «በሕይወቱ ነው የተያዘ» አለ። ካቡን ዞርን። በምንጩ በኩል፣ ጭቃው ላይ፣ ሞላላ ዱካ አገኘን። ከፊቱ ጥፍር አለ። ከዚያው ቦታ በላይ ካቡ ሥር አንድ ድንጋይ ወጥቷል፤ ቀዳዳው ለውሻ ይበቃል።

«የቀሩት ሁለቱስ?» አለኝ። ለሁለቱ መልስ የለኝም። ልዋሽውም አልፈለግኩም። «አላውቅም አባዬ» አልኩት።

ቀዳዳውን ደፈንን። ከመሐል ሜዳ ወንፊት ገዝቼ ነበር፤ የግልገሎቹን ጥግ እስከ ምሽት ሠራን። ወንድሜ ሞራሌውን ቆረጠ፣ አባቴ ሚስማር መታ፣ እኔ ወንፊቱን ወጥሬ ያዝኩ። መዳፌ ተላልጧል። ዘጠኝ ግልገል ነው ያለን፤ ዘጠኙም ከውስጥ አደሩ። መድኃኒቱን አባቴ እንደታሸገ ለጎረቤታችን መለሰለት። ጎረቤታችን ደስ አላለውም። ምን እንደምለው አላወቅኩም፤ ይህን ንባብ ለእሱም ልልክለት ነው።

ስለ ካሳው ዕድር እናቴ ነች የያዘችው። «ለሴቶቹ እነግራለሁ» ብላለች። ምን እንደሚሆን እናያለን። ውሻው የሚከተብበትን ቀን ቀበሌ ጠይቀናል።

ዛሬ ጠዋት ስነቃ አባቴ ቤት የለም። ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ መጣ። ጋቢው እስከ ጉልበቱ በውርጭ ረጥቧል። ቡና እየጠጣ ድንገት ቀና አለና፣ «እኒያ ጆሮዋን አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ጎን ታደርጋለች ያሉት ሰውዬ ስማቸው ማን ነው?» አለኝ።

የት እንዳያት ጠየቅኩት። «ለአንቺም አልነግርሽ» አለ።